የሮር ገዳም ቤተ ክርስቲያን፦ የፍልሰታን ታሪክ በጄሶ የሠራውን መሠዊያ ለመጎብኘት ለምትሄዱ

በጀርመን የሚኖር ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በጌጥ ያሸበረቀ የባሮክ ዘመን (በአውሮፓ የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዓመት የኪነ ጥበብ ስልት) ቤተ ክርስቲያን ለማየት ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በሙኒክ መሐል ከተማ ስለሚገኘው የአሳም ቤተ ክርስቲያን ወይም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው የቪስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱም ምስጋናቸው የሚገባቸው ናቸው። እኔ ግን ከአገር ቤት ለሚመጡ እንግዶችም ሆነ እዚሁ ለምንተዋወቅ ሰዎች አስቀድሜ የምጠቁመው በታችኛው ባቫሪያ ገጠር፣ በሮር መንደር ያለውን የገዳም ቤተ ክርስቲያን ነው። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ዋና መሠዊያ የሚያሳየው የእመቤታችንን ፍልሰት ስለሆነ፣ በየዓመቱ ነሐሴን እየጾመ የፍልሰታን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሰው ያለ አስጎብኚ ሊረዳው የሚችለው ሥራ ነው። ብዙ ጎብኚ ግን ገብቶ፣ ከበር ላይ ሆኖ አንድ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ወዲያው ይወጣል። ቦታው የሚሰጠውን ሳይቀበሉ ከመመለስ ለመዳን ምን ማወቅና ምን ማድረግ እንደሚጠቅም ደጋግሜ በመሄድ የተረዳሁትን እጽፋለሁ።

ቦታውን በስሙ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። ሮር የሚባል ስፍራ በጀርመን ከአንድ በላይ አለ፤ በሽቱትጋርት ከተማም በዚሁ ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ ስላለ፣ በስልክ ላይ የመንገድ መፈለጊያ ስትጠቀሙ «ሮር ኢን ኒደርባየርን» ብላችሁ በሙሉ ስሙ ማስገባት ይኖርባችኋል። መንደሩ ራሱ የባቡር ጣቢያ የለውም። በሬገንስቡርግና በኢንጎልሽታት መካከል በሚመላለሰው ባቡር አቤንስበርግ ላይ ወርዶ የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ፣ በታክሲ ወይም በብስክሌት መጨረስ ይቻላል። ከሙኒክ የሚነሳ ሰው በኢንጎልሽታት በኩል ቢመጣ ይቀለዋል። በገጠሩ በቅዳሜና በእሑድ አውቶቡስ ስለሚቀንስ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት የመመለሻውን ሰዓት ጭምር ማረጋገጥ ግድ ነው። በቡድን ለሚሄዱ ደግሞ የባየርን ቲኬት የሚባለው የቀን ትኬት እስከ አምስት ሰው ድረስ ስለሚያገለግል ወጪውን በጣም ያቀለዋል፤ በሥራ ቀናት የሚያገለግለው ግን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መሆኑን ልብ በሉ።

ገዳሙ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1133 ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ማኅበር ይኖርበት ነበር። አሁን የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ሥራ የተጀመረው በ1717 ነው። ሥራውን የመራው ኤጊድ ኲሪን አሳም በዚያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ የነበረ ቀራጺና የልስን ባለሙያ ሲሆን፣ ከታላቅ ወንድሙ ከሠዓሊው ኮስማስ ዳሚያን አሳም ጋር ስሙ ተያይዞ ይጠራል። አባታቸው ሃንስ ጌኦርግ አሳምም ሠዓሊ ነበር፤ በ1711 ካረፈ በኋላ ኮስማስ ዳሚያን ሮም ወርዶ ተምሯል፤ በ1713ም ከዚያው ከቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ ሽልማት ተቀብሏል። በሮማ ከተማ እነ ቀራጺው ቤርኒኒ የደረሱበት ጥበብ፣ ማለትም የመብራቱን ምንጭ ሰውሮ ብርሃኑን ብቻ በቅርጹ ላይ ማፍሰስ፣ በሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ወደ ባቫሪያ ገጠር ገባ። የሮር መሠዊያ ያለቀው በ1723 ገደማ ነው፤ ይህም በእኛ አገር ጎንደር ላይ ዐፄ በካፋ ነግሠው የነበሩበት ዘመን ነው። በ1803 የባቫሪያ መንግሥት ገዳማትን ሲወርስ የሮር ገዳምም ተዘጋና አብዛኛው የገዳሙ ቤት ፈረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ከቦሄሚያ (ከዛሬዋ ቼክ አገር) የተባረሩ የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት መጥተው ሰፈሩበት።

ከውጭ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ አይናገርም፤ ማማው ከሩቅ ይታያል እንጂ ግድግዳው የባቫሪያ ገጠር ቤተ ክርስቲያናት የተለመደው ዓይነት ነው። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ወዲያው ወደ ፊት አትሂዱ። ከኋላ ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁ ብርሃኑን እስኪለምድ ቆዩ። የሕዝቡ መቆሚያ ክፍል በአብዛኛው ነጭ ነው። በሌሎች የዘመኑ ቤተ ክርስቲያናት ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ተሸፍኖ ዓይን የት እንደሚያርፍ ሲቸግረው፣ እዚህ ግን ነጩ ቤት ዓይንን ሳያባክን ቀጥታ ወደ መሠዊያው ይሰደዋል። በእኔ አስተያየት የሮር ትልቁ ጥበብ ይህ መቆጠብ ነው፤ ጌጡ በሙሉ ወደ አንድ ቦታ ተሰብስቧል።

ከኋላ ሆናችሁ የምታዩት እንዲህ ነው። በትልልቅ ዓምዶች መካከል፣ ከበስተኋላው ከባድ መጋረጃ በተዘረጋበት ስፍራ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተከፈተ የድንጋይ ሣጥን የሚመስል መቃብር አለ። በዙሪያው ቁመታቸው ሙሉ ሰው የሚያህል ሐዋርያት ቆመዋል፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ይላል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ ባዶውን መቃብር ይመለከታል፣ ሌላው አንገቱን አቅንቶ ሽቅብ ያያል። ከእነርሱ በላይ እመቤታችን በሁለት መላእክት ተደግፋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ከምንም ነገር ጋር ሳትያያዝ በአየር ላይ ታርጋለች። ከዚያም በላይ በደመናና በብርሃን መካከል ሥላሴ ይጠብቋታል። ሁሉም ነገር በአንዲት ቅጽበት ላይ ቆሟል፤ መቃብሩ ባዶ መሆኑ የታወቀበት፣ ሐዋርያትም ገና አፋቸውን ከፍተው የሚሉት ያጡበት ቅጽበት ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እመቤታችን ጥር 21 ቀን ካረፈች በኋላ፣ ሐዋርያት በነሐሴ ሱባዔ ገብተው በ14 ሥጋዋን ተቀብለው ቀበሩ፤ በ16 ተነሥታ ዐረገች። ቶማስ በቀብሩ ጊዜ አልነበረም፤ ከህንድ በደመና ተጭኖ ሲመለስ ስታርግ በአየር ላይ አገኛት፤ ለምልክት እንዲሆነውም ሰበኗን ሰጠችው። ሌሎቹ ሐዋርያት መቃብሩን ሲከፍቱ ባዶ አገኙት። በምዕራቡም ዘንድ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ትውፊት ከጥንት ጀምሮ ይተረካል፤ የአሳም መሠዊያም ከዚያ ትውፊት የተወለደ ነው። አንድ ጊዜ ከሙኒክ አብረውን የሄዱ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ መሠዊያውን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ከእነዚህ ውስጥ ቶማስ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ሐዋርያቱን እንደ አንድ ጭፍራ ነበር የማያቸው፤ ከጥያቄያቸው በኋላ ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን፣ የእጃቸውን አኳኋን፣ የማን ዓይን ወደ መቃብሩ የማን ደግሞ ወደ ሰማይ እንደሚያይ መመርመር ጀመርኩ። እሳቸውም እዚያው ተቀምጠው ውዳሴ ማርያማቸውን ደገሙ። እኔ ከዚያ ወዲህ አብሬው ለሄድኩት ሰው ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ እሰጠዋለሁ፤ ልጆች ካሉም ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ የሚይዛቸው እርሱ ነው።

ከኋላ በቂ ጊዜ ከቆያችሁ በኋላ በመሐል መተላለፊያው ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሂዱ። በየጥቂት እርምጃው ቆም ብትሉ፣ ከሩቅ ሳሉ ከዓምዶቹ ጋር የተያያዙ ይመስሉ የነበሩት ሐዋርያት ከጀርባቸው ሰፊ ቦታ እንዳላቸው፣ መሠዊያው የግድግዳ ላይ ጌጥ ሳይሆን ሰው ሊገባበት የሚችል ስፍራ መሆኑን ትረዳላችሁ። መብራቱ ከየት እንደሚመጣም ያን ጊዜ ፈልጉ። በመሠዊያው ግራና ቀኝ ያሉት መስኮቶች ከሕዝቡ መቆሚያ አይታዩም፤ ብርሃናቸው ግን በነጩ የሐዋርያት ልብስና በእመቤታችን ቀሚስ የወርቅ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ በሚልበት ቀን መሄድን ከጠራ ቀን አስበልጣለሁ። ደመና ሲያልፍ ሐዋርያቱ ይደበዝዛሉ፤ ፀሐይ ስትመለስ የልብሳቸው እጥፋት በድንገት ይጠልቃል፣ ጥላቸውም ይንቀሳቀሳል። የአሳምን ሥራ ያለዚህ ለውጥ ማየት ግማሹን ማየት ነው። በክረምት ጀምበር ቶሎ ስለምታዘቀዝቅና ቤተ ክርስቲያኑም እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ምርጫ ያለው ሰው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በቀትር አካባቢ ቢሄድ መልካም ነው። ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ የላይኛውን ክፍል በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

እነዚህ ሐውልቶች ከድንጋይ የተጠረቡ አይደሉም፤ የተሠሩት ስቱኮ ከሚባለው ልስን ነው። ስቱኮ በአብዛኛው ከጄሶ፣ ከኖራና ከአሸዋ የሚዘጋጅ ድብልቅ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ከእንጨትና ከብረት የቅርጹን አጽም ያቆማል፤ በላዩ ሻካራውን ድብልቅ ይመርጋል፤ በመጨረሻም ደቃቁን ንብርብር ሳይደርቅበት በእጁና በትናንሽ መሣሪያዎች ይቀርጻል። ጄሶ ፈጥኖ የሚጠነክር ስለሆነ፣ ፋታ ለማግኘት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ ይጨመርበታል። እንግዲህ የአንዱን ሐዋርያ ካባ ስታዩ፣ ድንጋይ ጠራቢ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያወጣው ሳይሆን፣ አንድ ሰው ልስኑ እየጠነከረበት፣ ጊዜ እየተሻማ፣ እየጨመረና እየጠፈጠፈ የሠራው መሆኑን አስቡ። እመቤታችንንና መላእክቱን በአየር ላይ ያቆማቸው ከጀርባ የተሰወረ ብረት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ እብነ በረድ መስለው የሚታዩት ዓምዶችም አብዛኞቹ ጄሶ፣ ሙጫና ቀለም ተለውሶ፣ እንደ ሊጥ ተቆርጦና ተደራርቦ፣ ከደረቀ በኋላ በድንጋይ እየታሸ እስኪያበራ የተወለወለ ሥራ ናቸው። ድህነትን ለመሸፈን የተደረገ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ብዙ ጉልበትና ጊዜ ስለሚጠይቅ አንዳንዴ ከእውነተኛው እብነ በረድ የሚበልጥ ዋጋ ነበረው፤ በተፈጥሮ የማይገኝ የቀለም ቅንብርም ይሰጥ ነበር። በእጅ መንካት ግን አይገባም፤ የእጅ ቅባትና ላብ ልስኑን ይጎዳዋል።

ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምንመጣ ሰዎች ሐውልት በመሠዊያ ላይ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ እኛ ቅዱሳንን በሥዕል እንጂ በጥርብ ቅርጽ ማየት አልለመድንም። አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት ሲከፋው አይቻለሁ። የሰውን ስሜት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሐውልቱን መሳለም የሚጠብቅባችሁ ማንም የለም። ቁጭ ብሎ ማየትና ታሪኩን ማሰብ ይበቃል። ጫማ አይወለቅም፤ ነጠላ መልበስ ማንንም አያስገርምም፤ ወንዶች ግን ኮፍያቸውን ማውለቅ ይኖርባቸዋል። ከወንበሮቹ ሥር ያለው ዝቅተኛ ሳንቃ ለመንበርከኪያ ስለሆነ እግር አይጫንበትም። ፎቶግራፍ በሚፈቀድበት ጊዜም ፍላሽ ማጥፋት ያስፈልጋል። በቅዳሴ ሰዓት እየተዘዋወሩ መጎብኘት ነውር ነው፤ በዚያ ሰዓት ከደረሳችሁ ወይ ከኋላ ተቀምጣችሁ ጨርሱ፣ ወይ ውጭ ሆናችሁ ጠብቁ።

በካቶሊኮች ዘንድ የዕርገቷ በዓል የሚከበረው ኦገስት 15 ነው፤ በአብዛኛው ባቫሪያም የሥራ መዝጊያ ቀን ነው። በዕለቱ ምእመናን የመድኃኒት ዕፅዋትንና አበቦችን በእቅፍ አስረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው በመምጣት ያስባርካሉ። ይህን ሥርዓት ማየት ለሚፈልግ ሰው መልካም ቀን ነው፤ መሠዊያውን በጸጥታ ለማየት ለሚፈልግ ግን በጭራሽ አይሆንም። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ገና ነሐሴ 9 ስለሆነ ጾሙ አልተፈታም። በጾም የምትሄዱ ከሆነ ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ በባቫሪያ ምግብ ቤቶች የድንች ሰላጣ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በሥጋ መረቅ ነው።

ሙሉ ቀን ያለው ሰው በዚያው አካባቢ የቬልተንቡርግን ገዳም ማየት ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሮርን አስቀድሞ ቢሆን እመርጣለሁ። ቬልተንቡርግ የበለጠ የታወቀና ሰው የሚበዛበት ነው፤ በዳኑብ ወንዝ ዳር፣ በገደሎች መካከል ይገኛል፤ በግቢው ያለው ጠመቃም ከ1050 ጀምሮ የነበረ ነው ይባላል። ከኬልሃይም በጀልባ ሲሄዱ ሽቅብ አርባ ደቂቃ ያህል፣ ቁልቁል ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጀልባው በአውሮፓ የብርድ ወራት አይሠራም፤ ወንዙ ሲሞላም ይቋረጣል።

የቬልተንቡርግን ቤተ ክርስቲያን ያስጀመሩት አበምኔት ማውሩስ ቤሕል ሲሆኑ፣ ሥራው ከ1716 ጀምሮ በኮስማስ ዳሚያን ዕቅድ ተካሂዷል። በመጀመሪያ የሚገባበት ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የሕዝብ መቆሚያ እንቁላል ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ኮርኒሱ መሐሉ ክፍት ሆኖ ከበላዩ በተሰወሩ መስኮቶች የበራ ሥዕል ያሳያል። በመሠዊያው ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ፈረሱ ላይ ሆኖ ከኋላው ከሚፈስሰው ብርሃን ውስጥ ወደ እኛ ይመጣል፤ በአንድ በኩል ዘንዶው ይንጠራራል፣ በሌላው በኩል እኛ ብሩታዊት የምንላት ልጃገረድ በድንጋጤ ትሸሻለች። ከኋላው ያለው ብርሃን ሲበረታ የጋላቢው ፊት ስለሚጠቁር፣ እዚህም ደመናው እስኪያልፍ መታገሥ ዋጋ አለው። ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ኮርኒሱ ክፍት ጠርዝ ቀና በሉ፤ ኮስማስ ዳሚያን ራሱ፣ በወንድሙ እጅ በስቱኮ ተሠርቶ፣ ከጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ፈገግ እያለ ቁልቁል ያያል። በ1739 ያረፈው ይህ ሠዓሊ ሥራውን ለማየት የሚመጣውን ሁሉ እንዲህ ይቀበላል።

ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያይ ሰው መኪና ቢኖረው ይሻለዋል፤ በሕዝብ መጓጓዣ የሚሄድ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ቀን ቢመድብ እመክራለሁ፤ ወደ ኬልሃይም የሚወስደው ባቡር ዛል የሚባል ጣቢያ ላይ ያወርድና በአውቶቡስ መቀጠል ስለሚያስፈልግ፣ በመቀያየር የሚባክነው ጊዜ ከሮር ላይ ይቀነሳል። በሮር ከመጽሐፍና ከፖስት ካርድ መሸጫ ይልቅ ትኩረት የሚሻው በበሩ አጠገብ ያለው የምጽዋት ሣጥን ነው። መግቢያ ክፍያ የለም፤ ልስኑን መጠገን፣ አቧራውን ማንሣትና ጣሪያውን ከዝናብ መጠበቅ ግን ወጪው ብዙ ነው። ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ለሻማም ሆነ ለምጽዋት ካርድ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ።